የያዘሽን እዪ

ሦስት ወር ሙሉ ልጄ መውደቅ ተማረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረቃ ወጥቼ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ ኤዶምን ይዤ ሰበታ ውስጥ ወዳለ አንድ አሮጌ የመኖ መጋዘን እሄዳለሁ። እዚያ አይኪዶ የሚባል የጃፓኖች ስፖርት ያስተምራሉ። እኔ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ጃፓን የማውቀው የለም። መውደቅ ግን ያለ አስተማሪም እንደሚቻል አውቃለሁ።

ያስገባኋት በሜሪ ምክንያት ነው። ሜሪ ከኤዶም ሁለት ክፍል ትበልጣለች፤ በትምህርት ቤት በር ላይ የልጄን እጅ ጥምዝዝ አድርጋ ምሳ ዕቃዋን ትቀማታለች። ኤዶም ሰባት ዓመቷ ነው። ከዱራሜ ይዣት ስመጣ ገና ትድህ ነበር፤ እዚህ አያት የላት፣ አጎት የላት፣ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ማሽን ላይ ተተክዬ ነው የምውለው። ደግሞ ጊዜው ሁለት ሺህ ስምንት ነው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ አገሩ ታውኳል፤ ተማሪው ሰልፍ ይወጣል፣ የጅማ መንገድ ይዘጋል፣ ጥይት ይተኮሳል። ታዲያ ልጄ ራሷን ትቻል ብል ምን አጠፋሁ?

አስተማሪው መገርሳ ይባላል፤ የተፍኪ ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝግ ያለ። የአባቱ መሬት በፕላኑ ሊሄድ ነው እየተባለ እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ይኼው ነው የሚያበግነኝ! በሸራ በተሸፈነ ስፖንጅ ላይ ሕፃናቱን አሰልፎ፣ «ቀስ ብላችሁ ውደቁ፣ ቀስ ብላችሁ ተነሱ» ይላል። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጥርሴን አፋጫለሁ።

«ኧረ ተስፋነሽ፣ አስተማሪውን በዓይንሽ ልትበዪው ነው» ትለኛለች ሃዋ። እሷም እንደኔ ልጇን ይዛ የምትመጣ ናት።

«ተዪኝ እስቲ ሃዋ! መውደቁንማ ቤቴም ትወድቅልኝ ነበር።»

አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም። ተነስቼ ስፖንጁ ጫፍ ድረስ ሄድኩ።

«ስማ መገርሳ፣ ልጄ መማታት የምትማረው መቼ ነው?»

«እኛ አንማታም፣ የኤዶም እናት። የያዘንን እጅ እናስለቅቃለን እንጂ። እሷም ጀምራለች፤ እዪያት።»

ኤዶምን ጠርቶ እጇን ከኋላ ያዛት። እሷ ሆዬ ቀስ ብላ ዞረች። ቀና ብላ ፊቱን አየች። አሁንም አየች። ከዚያ እጇን አዙራ፣ አንድ እርምጃ ተራምዳ ሹልክ አለች።

«ይኼን ሁሉ እስክታይ ሜሪ ምሳውን በልታ እጇን ትታጠባለች!» አልኩ።

ሕፃናቱ በሳቅ ፈረሱ። ኤዶም አንገቷን ደፋች።

«መጀመሪያ የያዘሽን እዪ ነው የምንለው» አለ መገርሳ፣ በዚያ ድምፁ። «የያዘ ሁሉ ጠላት አይደለም።»

«አይ እንግዲህ! ስብከቱን እሁድ እሰማዋለሁ» ብዬ ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ አሠልጣኟ እኔ ሆንኩ። ፊቷን ስትታጠብ ከኋላ መጥቼ እጇን ላፍ አደርጋለሁ። የቤት ሥራ ስትሠራ ላፍ። ከጸሎት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ላፍ። ዞር ስትል እጮህባታለሁ፦ «ተያዝሽ! አትዙሪ! ማንም ይሁን ማን፣ ውጪና ሩጪ!»

«እማዬ፣ ቲቸር እኮ እዪ ብሏል።»

«እሱ ቲቸር ነው፣ እኔ እናትሽ ነኝ!»

መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እጇ እንደ እርጥብ ሳሙና ሆነ፤ ይዤ ሳልጨርስ የለችም። ሜሪንም አንድ ቀን እንዲሁ አምልጣት ምሳዋን በልታ መጣች። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ ለሃዋ ሳይቀር ነገርኳት።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመጋዘኑ ወጥተን አስፋልቱ ጋ ስንደርስ መንገዱ በሰው ጥቅጥቅ ብሏል። ወጣቶች እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው በኦሮምኛ ይጮኻሉ። እንመለስ ሳልል ፓ! ፓ! አለ። አስለቃሽ ጭስ መጣ። ሰው ሁሉ በአንዴ ሮጠ። ኤዶም ከፊቴ ሦስት እርምጃ ያህል ቀድማለች። ዓይኔ እየተቃጠለ ተንደርድሬ እጇን ከኋላ ያዝኩ። ስሟን ልጠራ ስል ጭሱ ጉሮሮዬን ዘጋው።

አልዞረችም። እጇ ሙልጭ ብሎ ወጣና ሮጠች። ልክ እንዳስተማርኳት።

«ኤዶም!» ድምፄ የወጣው በኋላ ነው። በየት በኩል እንደሄደች አላየሁም። ቀይ ሹራብ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ማን ቆሞ ይሰማኛል? አንዱ ገፍቶኝ ጠጠር ላይ ተደፋሁ፤ ሁለቱም ጉልበቴ ተላጠ። እኔ መውደቅ አልተማርኩም። ጌታ ሆይ፣ ልጄን መልስልኝ እንጂ ሁለተኛ አልናገርም አልኩ። ምን እንደማልናገር እንኳ አላውቅም። እያነከስኩ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

የብረት በሩ ተዘግቷል። በጡጫ ደበደብኩት።

«ኤኙ? ማነው?» አለ መገርሳ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ! የኤዶም እናት!»

ገርበብ አድርጎ ሳበኝ። ልጆቹ ግድግዳ ሥር ስፖንጁ ላይ ተደርድረዋል፤ እርጥብ ጨርቅ አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል። ከመካከላቸው ቀይ ሹራብ ብድግ አለ።

«እማዬ! አንድ ሰውዬ ያዘኝ! ከኋላ! ጥብቅ አድርጎ! ጣቱ ላይ ሻካራ ነገር ነበረው! ሳልዞር ወጣሁ፣ እንዳልሽኝ!»

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። አንጓዋ ላይ የጥፍር ጭረት አለ። መገርሳ ጭረቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጎበዝ» አልኳት። ፊቷ በኩራት ሲበራ እያየሁ ሌላ ምን ልበላት?

እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ጸጥ አለ። በሩ ላይ እንደ ልማዴ እጇን ላፍ ላደርግ ስል አልቻልኩም። እጄን ዘረጋሁላት።

«ዛሬ አንቺ ያዢኝ» አልኳት።

ያዘችኝ። ባለፈው ሳምንት ማሽን በልቶት በፕላስተር የጠቀለልኩት አውራ ጣቴ መዳፏ ውስጥ ገባ። ኤዶም ቆመች። በጣቷ ፕላስተሩን ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ልክ መገርሳ እንዳስተማራት፣ ፊቴን አየች። አሁንም አየች።

«እማዬ… አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ» አልኳት።

እጄን አልለቀቀችውም።