በሉሉ የተለቀለቀው መዘውር

ፒትያ ካቻቢቴውን ተጭኖ ሲያዞር ብሎኑ በመጨረሻ እሺ አለና መዘውሩ ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ አረንጓዴና ቢጫ ነገር ተጋግሮበታል። በጥፍሩ ፍቆ አሸተተው።

«ምንድን ነው?» አለች ዓቢዳ ከባንኮኒው ጀርባ። ጉምቦ ሰፈር ውስጥ ነጭ ጋዝና ሳሙና የምትሸጥ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ፒትያ አማርኛ ሲያምረው የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው።

«ሉሉ።»

«ሴቶቹ ለሠርግ የሚቀቡት ቅባት? ኸረ በአላህ! ብረቱን ሊድሩት ነበር እንዴ?»

ሳቅ አልመጣለትም። መዘውሩ የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠቀለልበት፣ መዳፍ የሚያክል የድሮ ነሐስ ነው። አያቱ ከአንድ እንግሊዛዊ የጀልባ ካፒቴን ያገኙት፣ አባቱም ያጠመዱበት። ዓሣ ሲጎትተው ይጮኽ ነበር። በድሮው ጦርነት ፒትያን ከአክስቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሲሸኙት፣ አባቱ ዝገት እንዳይበላው ብለው መዘውሩን በሉሉ ለቅልቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ቀበሩት። ሰላም ሆኖ ሲያወጡት አልዞር አለ። «ጦርነት ገደለው» ይላሉ። ከፍቶ ያየው ግን ማንም የለም።

ከተማውን እንደ አዲስ ካመሰው ከታኅሣሡ ተኩስ ወዲህ ፒትያ «ባባ፣ አዲስ አበባ እንሂድ» እያለ ሲጨቀጭቃቸው ከርሟል። ባለፈው እሑድ ታክቷቸው መዘውሩን ጭኑ ላይ አኖሩለት።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ ጠግነው። ከጮኸ እዚሁ ነኝ። ካልጮኸ ወዳልከው እሄዳለሁ።»

ፒትያ በደስታ ነበር የተቀበላቸው። የሞተ ነገር ማን ያስነሳል ብሎ።

«አልተሰበረም» አላት ዓቢዳን። «ያጣበቀው የገዛ ቅባታቸው ነው።»

«ታዲያ የምሥራች አይደል? ምን ያስኮርፍሃል?»

«ነጭ ጋዝ ስጪኝ፣ እትዬ።»

በጣሳ ቀዳችለት። የመዘውሩን ጥርሶችና ጥርሶቹ ላይ የምትንኳኳውን ትንሽ የብረት ምላስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተገ። ቅባቱ እየሟሟ ጋዙን አደፈረሰው። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጎበት መልሶ ገጠመውና እጀታውን አዞረ።

ክርርርር አለ።

«ወይ ጉድ! ፌንጣ ነው የሚመስለው!» ዓቢዳ እጇን አጨበጨበች።

ፒትያ እጀታውን ለቀቀው። «አልጮኸም ብላቸውስ? ካልጮኸ አዲስ አበባ ሊሄዱልኝ ቃል ገብተዋል።»

«ትችላለህ። ምላሷን ነቅለህ ጣላት፤ ዝም ትላለች። አባትህ ያምኑሃል። እኔም ትንፍሽ አልል።»

«አንቺስ በተኩሱ ጊዜ ሱቅሽ ሲዘረፍ ለምን አልሄድሽም?»

«ወዴት? እዚያ ስሆን እዚህ፣ እዚህ ስሆን እዚያ። ልቤን ለሁለት መክፈል ሰለቸኝ፤ ኸላስ፣ በቃኝ! አንተ እንኳ አገርህ ነው።»

«አገርህ ነው ይሉኛል» አለ ፒትያ። አዲስ አበባ ሳለ ሱዳኑ ይሉት ነበር። እዚህ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሐበሺ ነው የሚለው።

መዘውሩን እንደገና ከፈተ። ምላሷን አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖራት፤ የሩዝ ፍሬ አታክልም። እጁን ዘንበል ቢያደርግ አቧራው ይውጣታል፤ ነገ ትኬት ይቆርጣል። አባቱን ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የበረንዳ ብረት ይዘው ቁልቁል መኪና ሲያዩ አሰባቸው። ቀጥሎ ራሱን አሰበ፤ ሎሎጎ ሰፈር ባለው ክፍሉ መብራት ጠፍቶ፣ ጆሮውን ለተኩስ አቅንቶ። የትኛው እንደሚከብድ መመዘን እንኳ ደከመው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ዓቢዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ምላሷን ቦታዋ መለሰና ብሎኑን እስኪበቃው አጠበቀ።

«የዓሣ ክር አለሽ?»

«አለ። ለመሞከሪያ ከሆነ አጭሯ ትበቃሃለች። ይሄ ትልቁ ጥቅል ለሥራ ነው፤ ዓመት ያገለግላል።»

ፒትያ ሁለቱንም አያቸው።

«ትልቁን አምጪው» አለ። «ስጠቀልል ጫፉን ያዢልኝ።»