መዳፍ የምታህል ጉም

ጎረቤታቸው እትዬ ሥርጉት ክፉ አላሰቡም። አደይ በተቀበረች ማግስት ለቅሶ ቤቱን ሊያሰናዱ ሲገቡ፣ ሳሎን ያለውን የዓሣ ገንዳ አረንጓዴ ነገር ይዞት አዩት። አመድና አሸዋ ቀላቅለው በጭድ ፈገፈጉት፣ ከውስጥም ከውጭም። ሲጨርሱ ጉም የዋጠው መስሎ ቀረ።

"ድስት ቢሆን ያበራ ነበር" አሉ ኋላ፣ የአደይ ወንድም ደረሰ ሲጠይቃቸው። "ይኸ ደሞ ምን ያለ መስተዋት ነው?"

"መስተዋት አይደለም እትዬ፣ ፕላስቲክ ነው። አክሪሊክ ይሉታል። ጥፍር እንኳ ይጭረዋል።"

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረንም! እኛ የዓሣ ቤት መቼ አጥበን እናውቃለን?"

ገንዳውን ከቡሬ፣ ከተዘጋ ሆቴል ገዝታ ያመጣችው አደይ ነበረች። ሁለት ቀይ ዓሦች አሳደገችበት። ሦስት ቀን ብቻ ታማ ስትሞት ዓሦቹ ቀሩ።

ጭረት ማንሣት ለደረሰ እንጀራው ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ተቀምጦ የደበዘዘ የባጃጅና የአይሱዙ መብራት ያጠራል። ገንዳውንም በግማሽ ቀን ይጨርሰው ነበር፤ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። እሱ ዛሬ ነገ ሲል እናቱ ወይዘሮ ማርያማዊት ዱካ በርጩማቸውን ወስደው ገንዳው ፊት ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ አልተነሡም። ምግብ ሲቀርብላቸው አንድ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸው ላይ እንደያዙት ይደርቃል።

"እማዬ፣ ምን እያየሽ ነው?"

"ፀጉሯን ታበጥራለች።"

"ማን?"

"ማን ይለኛል እንዴ! እኅትህ ናታ።"

ደረሰ ጎንበስ ብሎ አየ። ከጉሙ ላይ የሰው ጥላ ነበር። "ያንቺው ጥላ ነው እማዬ" አላቸው። እናቱ በቀብሩ ዕለት የተላጩትን ራሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

አርባው አራት ቀን ሲቀረው የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረሰንበት ስለ ተዝካሩ ሊነጋገሩ መጡ። ወይዘሮ ማርያማዊት ዘወር እንኳ አላሉም። "አባቴ፣ አይፍረዱብኝ። ቤቷ ላለች ልጅ ተዝካር አላወጣም።" ቄሱ በሩ ላይ ደረሰን ክንዱን ያዙት። "እናትህ እንዲህ ከሰነበተች ሁለተኛ ለቅሶ ትቀመጣለህ" አሉት።

በማግስቱ ዓሦቹን ወደ ባልዲ አዛወረ፤ ውኃውን በጎማ ወደ ግቢው ለቀቀና በውኃ የሚፈገፍግባቸውን የብርጭቆ ወረቀቶች በየቁጥራቸው ደረደረ፣ ከሻካራው እስከ ለስላሳው።

"የት ልትወስዳት ነው?" አሉ እናቱ።

"የትም። ጭረቱን ላነሣው ነው፣ አጥርተሽ እንድታያት።" ውሸቱን ነበር።

"እንግዲያውስ ከዚህ ከጥጉ መዳፍ የምታህል ተውልኝ። እዚያች ጋ ነው የምትቀመጥ።"

"እሺ።"

"አደይ ትሙት በል።"

እናቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁት።

"አደይ ትሙት" አለ።

ሥራው መጀመሪያ ያባብሳል እንጂ አያሻሽልም። ውኃ እያርከፈከፈ ሲፈገፍገው ገንዳው ጨርሶ ወተት መሰለ። ከዚያ ሺህ አምስት መቶ ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት ሺህ፣ ከዚያ ሦስት ሺህ፤ በመጨረሻም በጨርቅ ማጥሪያ ቅባቱን። ፀሐይ ዘንበል ስትል ገንዳው በመካከል የሌለ እስኪመስል ጠራ። ቀሪዋ የጥጓ መዳፍ ብቻ ነበረች። እናቱን መደቡ ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል።

ዓይኑን አስጠግቶ አያት። የእትዬ ሥርጉት እጅ ሲፈገፍግ ዙሪያ ጥምጥም የሄደ ነበር፤ ጭረቱ ሁሉ ክብ ክብ ነው። የጥጓ ግን ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ቀጭን ቀጭን፣ ብዙ። እያየው፣ ማበጠሪያ የገባበት ፀጉር ይመስል፣ መሐል ለመሐል ተከፈለ፤ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ተኛ።

ደረሰ ወረቀቱን አንሥቶ ፈገፈገው። ክንዱ እስኪዝል ፈገፈገው።

እናቱ ሲነቁ ዓሦቹ በጠራ ውኃ ውስጥ ይዋኛሉ። ጥጉን ረጅም ጊዜ አዩት። አላለቀሱም።

"ወዴት ሰደድካት?"

"እማዬ..."

"ምለህልኝ ነበር።"

ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ሦስት ሳህን ይዘው ወጡ፤ አንዱን ከደኑት፤ የውጩን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። "ከወጣች ርቧት ነው የምትመለስ" አሉና እንጀራቸውን ቆርሰው በሉ። ደረሰ ጉርሻቸውን ቆጠረ። መብላታቸው በቂው ነበር፤ ሌላው ቀስ በቀስ ይመጣል ብሎ ተኛ።

በማግስቱ ጧት መናኸሪያው አጠገብ ምስክር የሚባለው ባለባጃጅ መብራቱን ይዞለት መጣ። ደረሰ አርከፍክፎ ፈገፈገው፤ መብራቱ እንደ ወጉ ነጭ ሆነ። ከነጩ ውስጥ ጭረቶቹ ከላይ ወደ ታች ወረዱ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ለሁለት ተከፈሉ።

"ጋሽ ደሬ፣ ምነው ፈዘዝክሳ?" አለ ምስክር። "ጨርሰው እንጂ፣ ሞራ የያዘው ዓይን መሰለኮ!"

"ይኸን ተወው። አዲስ ልግጠምልህ።"

"በስንት?"

"በነፃ።"

"በነፃ! እንግዲያው የኋላውንም ልስበረው!"

ደረሰ አልሳቀለትም። ነጩን መብራት በጨርቅ ጠቀለለው፤ በደረቱ አቅፎ በእግሩ ወደ ቤት ገሠገሠ። ለእናቱ የሚላቸውን በመንገዱ ሁሉ አሰበ። ማልሁልሽ፣ አፈረስኩ፣ ይኸውልሽ፤ ተዝካሩን ግን አብረን እናውጣ።

በሩ እንደ ትናንቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቱ ዱካው ላይ የሉም። መሶቡ አጠገብ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ጉንጫቸው ቀላ ብሏል። የተከደነው ሳህን ክዳኑ ተነሥቷል። ባዶ ነው፣ በጣት ተጠርጎ።

"እማዬ፣ አገኘኋት" አለ ጥቅሉን ዘርግቶ።

"ቀስ በል!" ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ወደ ጓዳው መጋረጃ ጠቆሙት። "አሁን በልታ ተኛች።"

ከዚያ ዓይናቸው ጥቅሉ ላይ ዐረፈ። ማኘካቸውን አቆሙ።

"ታዲያ አንተ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ያን አቅፈህ ያመጣኸው ማንን ነው?"