ድልድዩ መሐል የቆመችው መኪና

«እትዬ ክላክስ» የሚለውን ስም ያወጡላት የድንበሩ ኬላ ጠባቂዎች ናቸው። ባሏ ሞቶ ከባድ መኪናውን ራሷ መንዳት የጀመረች ሰሞን «ሴትዮዋ ሳምንት አትቆይም» እያሉ ያሾፉባት የነበሩ ሾፌሮች፣ ያ ክላክሷ ከሩቅ ሲያምባርቅ አሁን ጥግ ይይዛሉ። አፏም ከክላክሷ አይተናነስም፤ ነገር በሆዷ አታሳድርም።

ሥራዋ ብልቃጥ ማመላለስ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለው ፋብሪካ የመድኃኒት ብልቃጥ ይሠራል፤ መድኃኒቱ የሚቀመመው ግን ወንዙ ማዶ፣ በጎረቤት አገር ነው። ባዶውን ጭና ትሻገራለች፣ የተሞላውን ይዛ ትመለሳለች። ማዶ ብልቃጥ የሚሠራ የለም፣ ወዲህ ደግሞ መድኃኒት የሚቀምም የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ይኸው አንድ ድልድይ ነው።

ያን ሰሞን የሁለቱ አገር ሹማምንት በሬዲዮ ይዘላለፉ ጀመር። በድንበር ይገባኛል የተነሳው ነገር እያደር ከረረና «ማዶ ያለው ሁሉ ጠላት ነው» እስከማለት ተደረሰ። እትዬ ክላክስ ይህን ስትሰማ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ ሬዲዮኑን ጠረቀመችው።

«ጠላቴ ትናንት ጎማ ሲቀይርልኝ ዋለ» አለች።

ጎማውን የቀየረላት «ቀጭኑ» የሚባለው የማዶ ሾፌር ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ወንድም፣ ግን አልሳቀም። የመኪናዋ መካኒክ እሱ ነው፤ ቀድሞውንም ድንጉጥ ቢጤ ነው፣ የዚያን ዕለት ደግሞ ጭራሽ ቀልቡ አልነበረም። ሚስቱ የስኳር ሕመም አለባት። በየቀኑ የምትወጋው መድኃኒት የሚመጣው በዚሁ መኪና ነው።

ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ወታደሮች ከምሰሶዎቹ ሥር ፈንጂ ሲያስሩ አገኙ። አንድ ወጣት ሻምበል እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«እናቴ፣ ይመለሱ። ድልድዩ ከሰዓት በኋላ ይፈርሳል።»

«ምን አድርጎ?»

«ጠላት እንዳይሻገርበት ነው።»

«ጦርነቱ ተጀምሯል እንዴ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ እናንተ ልታስጀምሩት ነዋ! መድኃኒቱስ በምን ይምጣ?»

«እሱን የሚመለከተው አካል ያስብበታል። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው።»

«የሚመለከተው አካልማ እኔ ነኝ» ብላ ማርሽ አስገባች።

ዋርሳዋ መኪናውን ልታዞር መስሎት መስኮቱን አወረደና ወደ ኋላ ማየት ጀመረ። እሷ ግን ነዳጁን ረገጠችው። ወታደሮቹ ግራና ቀኝ ዘለሉ። ድልድዩ መሐል ስትደርስ መሪውን ጠምዝዛ መኪናዋን አግድም አቆመችና ሞተሩን አጠፋች። ከታች ውሃው ሲሄድ ይሰማል።

«እትዬ፣ አበድሽ? ፈንጂው እኮ ከሥራችን ነው!»

«አውቃለሁ። ከፈራህ ውረድ፣ አልቀየምህም።»

ዋርሳዋ የበሩን እጀታ ያዘ። ከዚያ መልሶ ለቀቀው።

«ወርጄ ሚስቴን ምን ልላት ነው?» አለና መቀመጫው ላይ ተደላደለ።

ያኔ እሷ ክላክሱን ተጭና አልለቀቀችውም። ማዶ ኬላ ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ቀጭኑ ድምፁን አወቀው። «ሴትዮዋ አንድ ነገር ሆናለች» ብሎ እየበረረ መጥቶ፣ ነገሩ ሲገባው መኪናውን ከእሷ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ አቆመ። ከኋላው ሽንኩርት የጫነ መጣ። ከወዲህ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ ሾፌር፣ ጠባቂዎቹ ሲጮኹበት እንዳልሰማ ሆኖ ገባ። ቀኑ ሳይጋመስ ድልድዩ ላይ እግር ማሳረፊያ ጠፋ።

ሻምበሉ በመኪኖቹ መካከል ተሹለክልኮ መጣ። ሽጉጡን መዝዞ ነበር።

«ያንሱት! አለበለዚያ እተኩሳለሁ!»

እትዬ ክላክስ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ተኩስ፣ ልጄ። ከዚያ ግን መኪናውን ራስህ ታነሳዋለህ። የማዶዎቹን መኪኖች ደግሞ እንዲያነሱልህ ማዶ ሄደህ አለቆቻቸውን ለምናቸው።»

ሻምበሉ ወደ ማዶ ተመለከተ። እዚያም አንድ መኮንን እንደሱ መላው ጠፍቶት፣ የመገናኛ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይንጎራደዳል። ሻምበሉ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰና እሱም ለአለቆቹ ደወለ። አለቆቹ የገዛ ዜጎቻቸውን ከድልድይ ጋር አፈነዱ መባሉን ስለፈሩ «ጠብቅ» አሉት።

ያ «ጠብቅ» ቀናት ፈጀ። ሾፌሮቹ ካቢና ውስጥ ተኙ፣ ሽንኩርቱን ጥሬውን ተካፍለው በሉ፤ የዋርሳዋን ሚስት መድኃኒትም ከማዶ በእጅ እየተቀባበሉ አሻገሩ። ብልቃጥ ፋብሪካው ማሽኑን አቆመ፤ ማዶ መድኃኒቱ ማስቀመጫ አጣ። እስከዚያ ድረስ «ፖለቲካ አያገባንም» ይሉ የነበሩ ትልልቅ ነጋዴዎች ጭነታቸው ሲቆምባቸው የሚኒስትሮቹን በር ያንኳኩ ጀመር። ከሁሉ ይልቅ ሹማምንቱን ያስደነገጠው ግን የፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። ከሁለቱም ወገን ግልብጥ ብለው ወጥተው በድልድዩ ሁለት አፍ ቆሙ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «መንገዳችንን አትንኩ!»

በመጨረሻ ፈንጂው እየተፈታ ወረደ። ሹማምንቱ ዘለፋውን አልተዉም፤ ቢሆንም ጠረጴዛ ከብበው መዛለፍ ጀመሩ። ጦሩም ባለበት ቆመ።

እትዬ ክላክስ ግን ከመኪናዋ እንደወረደች ታሰረች። ስትፈታ መኪናዋን መለሱላትና መንጃ ፈቃዷን ያዙባት። «አጥፍቻለሁ ብለው ይፈርሙና ይውሰዱ» አሏት። አልፈርምም አለች። ዋርሳዋ እሷን ተክቶ መንዳት ጀመረ፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ትቆጣዋለች።

እስከ ዛሬ ቢሮ እየጠሩ እንድትፈርም ይጠይቋታል። ባለፈው ሲጠሯት የቢሮው ኃላፊ ወንበር ስቦላት፣ ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ገፋ አደረገላት።

«ይኸው ስንት ጊዜ ተመላለሱ። ፊርማ እኮ ናት፣ ምን ትጎዳዎታለች?»

«አጥፍቻለሁ ካልኩ፣ በሚቀጥለው ሊያፈርሱት ሲመጡ ምን ብዬ ልቁም?»

«በሚቀጥለውም መኪናዎን ድልድዩ ላይ ሊያቆሙ ነው?»

«እንዴታ!» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ከታች ዋርሳዋ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃታል። ጭነቱ ሳይመሽ ማዶ መድረስ አለበት።