መንፈስ የሚያሳስት ቀሚስ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ቅመሙ» ይለዋል። ቅመም ሳይጨምር ወሬ ማሳለፍ አይሆንለትም፤ ዝናብ ዘነበ ለማለት እንኳ አብሮ ዓሣ ማዝነብ አለበት። የታናሽ እህቱን የሙሽራ ቀሚስና የሦስት ሚዜዎቿን ልብስ የሰፋው እሱ ነው። አራቱም ነጭ ናቸው። መዘዙም የመጣው በልኬቱ ቀን ነው።

«ሁላችንም አንድ ዓይነት የምንለብሰው ለምንድን ነው?» ብለው ሚዜዎቹ ጠየቁት።

ከአንድ ደንበኛው የሰማት ነገር ነበረችው። ድሮ በሩቅ አገር ሚዜዎቹን እንደ ሙሽራዋ ያለብሷቸው ነበር አሉ፤ ክፉ መንፈስ ቢመጣ ሙሽራዋን ከሚዜዎቿ እንዳይለይ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት። በከንፈሩ የያዛትን መርፌ አውጥቶ፣ «ታዲያ መንፈሱ ባዶ እጁን አይመለስም» አለ። «ተሳስቶም ቢሆን አንዷን ሚዜ ይዞ ይሄዳል። ዓመት ሳይሞላ።»

ሦስቱም ሳቁ። ወይም የሳቁ መሰለው።

የሰርጉ ዕለት መኪናው ደጅ ቆሞ ሦስቱ ነጭ ቀሚሶች አልጋ ላይ እንደተዘረጉ ናቸው። ሚዜዎቹ ከየቤታቸው በመጡበት ልብስ ግድግዳ ተደግፈዋል። ሙሽራዋ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«እኔ ልጆች አሉኝ» አለች አንደኛዋ፣ ነርሷ። «አልለብስም።»

ቅመሙን ላብ አጠመቀው። «ውሸቴን ነው እኮ። መጨረሻዋን ራሴ ነኝ የጨመርኳት።»

«የምትዋሸውስ አሁን ነው» አለች ሁለተኛዋ ሚዜ፣ የአጎቱ ልጅ።

«እናቴን።»

«ተው እንጂ። እንቁላል ሰብሬ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ ስትለንም እናትህን ጠርተሃል።»

ዕድሜ ልኩን የዋሸው ሁሉ ሲታመንለት ኖሮ፣ አንዲት እውነት ቢያወጣ ገዢ አጣች። እህቱ ያለ ሚዜ ብትወጣ አማቶቿ ምን ይላሉ? ሰው የሌላት፣ ጓደኞቿ እንኳ የሸሿት ይሏታል። በዚህች አፉ።

መጋረጃው ተገለጠ። ሙሽራዋ ሁሉን ሰምታለች።

«የየራሳችሁን እንደለበሳችሁ ኑ» አለቻቸው። «ነጭ የለበስኩት እኔ ብቻ እሆናለሁ። ከመጣም አይሳሳትም።»

ሚዜዎቹ ተያዩ። ነርሷ እንባዋ መጣ፤ ወደ አልጋው ግን እጇን አልሰደደችም። ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማ ሆነው ከሙሽራዋ ኋላ ተሰለፉ።

ቅመሙን ፍርሃት የያዘው ያኔ ነው። ያቺን ውሸት ከጫፍ እስከ ጫፍ በገዛ እጁ የጠቀማት እሱ ነው፤ ክሯን ሁሉ ያውቃታል። ቢሆንም እህቱ ብቻዋን ነጭ ለብሳ ወደ በሩ ስትራመድ ዓይኑ አልጋው ላይ ወደ ቀሩት ቀሚሶች ዞረ። መንፈሱ ከሌለ እሰየው። ካለስ?

ከአልጋው ላይ ሰፋ ያለውን ቀሚስ አንስቶ በሱሪና በከረባቱ ላይ አጠለቀው። የጀርባው ዚፕ አልዘጋ አለ።

«ምን ሆነሃል፣ ወንድሜ?» አለች እህቱ።

«ዝም ብለሽ ሂጂ።»

«ሰው ይስቅብሃል።»

«ሰውን አይደለም የፈራሁት።»

ክንዷን ሰጠችው። መኪናው ጋ ሲደርሱ ግን ቀሚሱን ሰብስቦ ቀደማት።

«በመስኮቱ በኩል እኔ ልሁን» አለ።