እትብቱ እስኪያርፍ

የቦንቱ ምጥ ወሩ ሳይደርስ የመጣ ዕለት፣ መቂ ጤና ጣቢያ ድረስ ደግፈው ያመጧት አማቷ ወይዘሮ እልፍነሽ ነበሩ። ባሏ ይትባረክ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ሄዷል። አምና ቦንቱ የወለደቻት ልጅ ትንፋሽ አጥሯት በተወለደች ዕለት ስላረፈች፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ምጥ ሲባል ይፈራሉ።

ሕፃኑ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። መዳፍ የማይሞላ ነገር ነው። አዋላጇ ገላኔ በደረቅ ጨርቅ አድርቃ ጀርባውን አሸችው፤ መቀሱ አጠገቧ እያለ እትብቱን ግን አልቆረጠችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ? ቁረጪውና አየር ስጪው እንጂ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

«እማማ፣ እትብቱ ገና ይመታል፤ ደሙ ከእንግዴ ልጁ እየገባለት ነው። ትንሽ ልታገሠው። እምቢ ካለኝ ቆርጬ በአየር መስጫ ፊኛው አስተነፍሰዋለሁ።»

እሳቸው የቦንቱን እጅ ጨበጡ። ወዲያው ሕፃኑ ተንፈራገጠና የሳሳ ድምፅ አወጣ። ገላኔ ያኔም አልቸኮለችም፤ እትብቱ ነጥቶ መምታቱን ሲያቆም አስራ ቆረጠችው።

ተነፈሰ፤ ትንፋሹ ግን አልሰመረለትም። ያቃስታል፤ ከጎድኑ ሥር ይሰረጉዳል። ገላኔ አልደበቀቻቸውም። መታገሷ ደም አተረፈለት እንጂ ያልጠናውን ሳንባ እንደማያጠናለት፣ አሁኑኑ አዳማ ሆስፒታል መግባት እንዳለበት ነገረቻቸው። ቦንቱ ደም ስለፈሰሳት ከአልጋ መነሣት አልቻለችም። ሕፃኑ ደግሞ ገላ ለገላ ታቅፎ፣ ሳይበርደው መሄድ አለበት።

«እኔ አለሁ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፤ የቀሚሳቸውን ቁልፍ ፈተው ደረታቸው ላይ አስተኙት።

በአምቡላንሱ ውስጥ ገላኔ ኦክስጅኑን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቆቃን ሲያልፉ ጸሎቱ ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ። እሱ ባቃሰተ ቁጥር አብረውት ይተነፍሳሉ፤ ሲዘገይባቸው የእሳቸውም ትንፋሽ ይቆማል።

ሆስፒታሉ ተቀብሎ አፍንጫው ላይ የአየር ቱቦ አደረገለት። ሐኪሙ ይተርፋልም አይተርፍምም አላለም። ወይዘሮ እልፍነሽ ነርሶቹ በፈቀዱላቸው ሰዓት ሁሉ እያቀፉት፣ በቀረው ኮሪደሩ ላይ እያንጎላጁ ሰነበቱ። አንድ ማለዳ ግን ማቃሰቱ ቀረ፤ ትንፋሹ ሰመረለት። ቱቦውም ተነቀለለት።

ቦንቱ ተሽሏት ከባሏ ጋር ስትመጣ በሩ ላይ ቀረች።

«ፈራሁ እማዬ። ብለምደውና ቢሄድብኝስ?»

ወይዘሮ እልፍነሽ አላባበሏትም። እጇን ይዘው አስቀመጧት፤ የቀሚሷን ቁልፍ ፈቱና ሕፃኑን ደረቷ ላይ አኖሩላት። ልጁ ፊቱን ወዲያ ወዲህ እያዞረ ጡቷን ፈለገ።