ማን አለህ?

የአሰፋች የገብስ ክምር ከተቃጠለ አራት ወር ሆኖታል። ያቃጠለው አብዲሳ የተባለ የጎረቤት ቀበሌ ወጣት መሆኑን ራሱ ፖሊስ ጣቢያ አምኗል። አሁን ደግሞ ዐቃቤ ሕጓ አሰላ ድረስ አስጠርታት፣ «ከተስማሙ ጉዳዩ በዕርቅ ይታያል፤ ፊት ለፊት ያነጋግርዎታል፣ ይክስዎታልም። ካልሆነ ክሱ ይቀጥላል» አለቻት።

አሰፋች እሺ ያለችው ለመታረቅ ብላ አልነበረም፤ ከእስር ለማምለጥ የሚያለቅሰውን ዕንባ በዓይኗ ልታይ ነው።

ይበልጥ የከነከናት ግን የሟች ባሏ ወንድም ግዛቸው ነው። ማንም ሳይጠራው ሽማግሌ ሆኖ ገባ። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሁሩታ ቤቷ ድረስ እየመጣ፣ «ብዙ አታናግሪው፤ ይቅር በይውና ይለቀቅ» አላት። ወንድሙ የሞተ ሰሞን እንኳ እንዲህ አልተመላለሰም።

የዕርቁ ዕለት የሽማግሌዎቹ መሪ ሀጂ ሁሴኖ መርቀው ከፈቱ። አብዲሳ ተነሥቶ ጎንበስ አለና፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አሰፋች የተሸመደደ ነገር መሰላት።

ግዛቸው ፈጠን ብሎ፣ «በቃ፣ አመነ እኮ! ይሳሳሙ እንግዲህ» አለ።

«ምን አስቸኮለዎት ጋሼ?» አለችና ወደ ወጣቱ ዞረች። «እኔ ምን አድርጌህ ነው?»

አብዲሳ ግዛቸውን አየት አደረገና አቀረቀረ። እሷ ግን ያቺን እይታ አላለፈቻትም።

«እሳቸውን ተዋቸውና እኔን እይ!»

«በአባቴ የመሬት ክርክር እርስዎ በሐሰት መሰከሩበት ተባልኩ። አባቴ ከዚያ ወዲህ አንደበቱ ተይዞ አልጋ ላይ ነው።»

«እኔ የፍርድ ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም! ማን አለህ?»

«ጋሽ ግዛቸው።»

ግዛቸው «ውሸታም!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ።

ሀጂ ሁሴኖ ግን፣ «አባቱ ላይ የመሰከርከው አንተ ነህ ግዛቸው፤ በእሷ አላከክኸው እንጂ። እኔ እዚያው ችሎቱ ላይ ነበርኩ። ከሽማግሌ ወንበር ተነሥና ከዚህ ልጅ ጎን ተቀመጥ» አሉት።

አልተቀመጠም፤ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። የእሱ ነገር ወደ ዐቃቤ ሕጓ ተመራ። አብዲሳ ግን የተቃጠለውን ያህል ገብስ ሊተካ፣ ሁለት ክረምትም ማሳዋን ሊያርስ ፈረመ።

ሰኔ ላይ በሬዎቹን ይዞ መጣ። አሰፋች እስኪመሽ ከማሳው ዳር አልተነቃነቀችም። በሦስተኛው ቀን፣ ጠጋ ሳትል፣ «አባትህ ተሻላቸው?» አለችው።

«ትንሽ ቀና ብሏል፣ እትዬ።»

«በል፣ ያ ጥግ ሳይታረስ ቀርቷል» አለችው።