የእሁድ መልሶች

ልክነሽ ጥቁር ነጠላዋን አጣጥፋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችና ዙሁራ ያዋሰቻትን ቢጫ ሻርፕ ተከናነበች። ጥቁር ቀሚሷ እንዳይታይም ሻርፑን እስከ ደረቷ ድረስ ሳበችው። ሲቀላ ገበያ አጠገብ ያለችው ይህች ኢንተርኔት ቤት የዙሁራ አባት የሚፍታ ናት፤ ቤቱን የምታስተዳድረው ግን ልጅቷ ናት። እሁድ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ይህንኑ ሲያደርጉ ስድስት ወር ሆናቸው። ዛሬ ግን ማክሰኞ ነው። ወንድሟ አሞጽ ጠዋት በስልኳ፣ «ትልቅ ወሬ አለኝ፣ አባባንና እማዬን ይዘሽ ግቢ» የሚል መልእክት ስለላከላት የማንጎ መደቧን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የመጣችው።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለች ዙሁራ፤ አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም ነበር።

«እስኪመረቅ ነው። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።»

አባቷ አቶ በዛብህ የሞቱት ጥር ላይ ነው። ዶርዜ ላይ ስማቸው የተጠራ ቤት ሠሪ ነበሩ፤ ቀርከሃ ሰንጥቀው እንደ ቅርጫት እየጎነጎኑ የሚያቆሙት ቤት ስንቱን መንገደኛ አስቁሟል። ታናሽ ወንድሟ አሞጽ ያን ጊዜ ጀርመን አገር፣ ከየአገሩ ከተሰበሰቡ ተማሪዎች ጋር፣ ዘላቂ የከተማ ንድፍ የሚባለውን የማስተርስ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ይዞ ነበር። ለቅሶው ሳይበርድ አጎታቸው ጋሽ ዓለሙ ዘመድ ሰብስበው ነገሩን ቆረጡት።

«ልጁ ወረቀቱን ሳይዝ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ በሌለበት አገር ብቻውን ይስማው? ሲመጣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ እናረዳዋለን።»

የተቃወመ አልነበረም። ልክነሽም እውነታቸውን ነው ብላ ተቀበለች። ግን ልጅ አባቱን አገናኙኝ ማለቱ አይቀርምና ማምለጫ ተፈለገ፤ ጆሯቸው ደክሟል፣ ስልክ አይሰሙም፣ ሥራ ትተው ከተማ አይወርዱም ተባለ። እናታቸው ወለቴ ሐዘኑ ፊቷ ላይ ስለሚያስታውቅባት ከዶርዜ አትወርድም፤ አልፎ አልፎ በስልክ ድምፅዋን ብቻ ታሰማዋለች። የቀረው ውሸት ሁሉ በልክነሽ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መጋቢት ላይ አሞጽ የመመረቂያ ጥናቱ ስለ ዶርዜ ቤት እንደሚሆን ነገራት። ምስጥ ሥሩን በበላው ቁጥር እያጠረ ዕድሜውን የሚገፋ፣ ቦታው ሲበላሽም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ የሚያቆመው ቤት ለዛሬ ከተማ ምን ያስተምራል ነው የሚለው። ከዚያማ በየእሁዱ ለአባቱ ጥያቄ መላክ ጀመረ። ቀርከሃው መድረሱ በምን ይታወቃል? መቼ ይቆረጣል? ቤቱ ምን ያህል ሲያጥር ነው ሰው የሚተወው?

ልክነሽ መለሰች። ምን ታድርግ? እናቷ የታመመች ጊዜ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ቤት የቀረችው እሷ ናት፤ አሞጽ ትምህርት ቤት ሲውል ለአባቷ ስንጥሩን የምትይዝላቸው፣ ማሰሪያውን የምታቀብላቸው እሷ ነበረች። ያላወቀችውን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቅብ ዶርዜ ወጥታ የአባቷን የሥራ ጓደኛ እየጠየቀች፣ በማግስቱ «አባባ እንዲህ አለህ» ትለዋለች። እሱም በተራው ያጫውታታል፤ ለቤት አምሳያ ካርቶን ሲቆርጥ ጣቱን መቁረጡን፣ የንድፍ ስቱዲዮ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ማደሩን፣ አብረውት ስለሚኖሩት ስለ ኮሎምቢያዊው ዲየጎና ስለ ህንዳዊቷ ፕሪያ። እውነቱን ለመናገር ልክነሽ እነዚያን እሁዶች ትወዳቸው ነበር። ስለምትወዳቸውም ራሷን ትጠላ ነበር።

የአሞጽ ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አለ። ከስቷል፤ ጥርሱ ግን አልከደን ብሎታል። ትናንት ጥናቱን ለመምህራኑ አቅርቦ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል፣ ተሸልሟል፣ ፕሮፌሰሩም በመጽሐፍ መልክ እናሳትመው ብሎታል። ልክነሽ ደስታ ልቧን ሞላው። ወዲያው ደግሞ ይህን መስማት የሚገባቸው ሰው አለመኖራቸው አንገበገባት፤ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

አሞጽ ከኪሱ ትንሽ ሣጥን አውጥቶ ከፈተ። ውስጡ ባቄላ የምታክል ነገር አለች።

«የአባባ ናት» አለ። «በሽልማቱ ነው የገዛኋት። መስሚያ ናት፤ ጆሮ ውስጥ ትገባለች። ከእንግዲህ እኔና እሱ ራሳችን እናወራለን፣ አንቺም ከመመላለስ ታርፊያለሽ።»

ልክነሽ ተባረክ ብቻ አለችው።

«ደግሞ ይህን የመግቢያ ገጽ ስሚ፤ ዛሬ ማታ ለማተሚያ ቤት ስለምልከው ነው።» ወረቀት አንስቶ አነበበላት። «ይህ ጥናት የቆመው አባቴ አቶ በዛብህ ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ በአሥራ አራት እሁዶች በሰጡኝ መልሶች ላይ ነው።» ቀና አለ። «እንዴት ነው? የት አለ እሱ? ጮኸሽ ንገሪልኝ እንጂ።»

መጋቢት ላይ አባታቸው ከተቀበሩ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነበር። ልክነሽ ይህን አስባ አታውቅም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመጣል፣ ይረዳል፣ ያለቅሳል፤ ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ ወሩን ይቆጥራል። የሕይወቱ ትልቅ ሥራ የሟች ቃል ተብሎ ታትሞ ይጠብቀዋል። እስካሁን ከሐዘን የጠበቀችው ይመስላት ነበር፤ ለካ ሌላ ሐዘን ስታሰናዳለት ኖራለች። ያም ሆኖ ምላሷ የለመደውን ውሸት አቀበላት። «ቀርከሃ ሊቆርጥ ወጥቷል» አለች።

አሞጽ ሳቀ። «በሐምሌ? በክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ምስጥ ይፈጥንበታል ብሎ የነገረኝ እሱ አይደል? ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አለ እኮ።»

ልክነሽ አቀረቀረች። የወንድሟ ሳቅ ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ጋሽ ዓለሙ ትዝ አሏት፤ ቁጣቸውም፣ የዘመዱ ወቀሳም።

«ጓደኞችህ እዚያ ናቸው?» አለችው።

«አዎ፣ ወጥ ቤት ናቸው። ሊያከብሩልኝ ምሳ እየሠሩ ነው።»

«ጥራቸው።»

«ለምን?»

«ጥራቸውና አጠገብህ ይቀመጡ።»

አሞጽ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰው ጠርተው ካስቀመጡ በኋላ የሚነገር ወሬ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል።

«እማዬ ናት?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እማዬ ደህና ናት።»

ፊቱን ወደ ካሜራው አስጠግቶ አያት። ልክነሽ ዓይኗን አላሸሸችም፤ እንባዋ ግን ወረደ።

«የእሁዱን ሁሉ የመለስኩልህ እኔ ነኝ» አለችው። «ያን ገጽ በኋላ አብረን እናስተካክለዋለን። አሁን ጥራቸው፣ አሞጽዬ። ሳይቀመጡ አልነግርህም።»

ፊቱን አዙሮ በማታውቀው ቋንቋ ተጣራ። ዲየጎና ፕሪያ እጃቸውን እየጠራረጉ፣ ፈገግ እንዳሉ መጡ፤ ፊቱን ሲያዩ ፈገግታቸውን ትተው ግራና ቀኙ ተቀመጡ። እዚህም ዙሁራ ወንበሯን ስባ ከልክነሽ ጎን ተቀመጠች።

ልክነሽ ወንድሟን ከማናገሯ በፊት ሁለቱን የባዕድ አገር ልጆች ተራ በተራ አየቻቸው። እንደማይሰሟት ታውቃለች፤ ቢሆንም በአማርኛ፣ ረጋ ብላ፣ «ያዙልኝ» አለቻቸው።